የልጄ ዓሣ ዓይኑ አብጧል፤ ላሳክመው ወይስ በሌላ ልተካው?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበሩ አማካሪ። የምጽፍልዎት ከሐዋሳ ነው። ጉዳዬን አንብበው እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ለብዙ ቀን ስጀምረው ስተወው ቆይቻለሁ። የ9 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ለልደቷ አጎቷ ከአዲስ አበባ 40 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም፣ ሁለት ጎልድፊሾችና መስታወቱን እየላሰ ያጸዳል የተባለ አንድ ጥቁር ዓሣ አምጥቶላት ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ የምትሄደው ወደ እነርሱ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት የአንደኛው ጎልድፊሽ ግራ ዓይን ማበጥ ጀመረ፤ አሁን ፈጦ የሚወድቅ ይመስላል። ሰሞኑን ደግሞ የሌላኛው ሁለቱም ዓይኖች ሞራ እንደጋረደው ሰው ዓይን ነጣ ብለዋል። ጥቁሩ ዓሣ ምንም አልሆነም።

ንጽሕናቸውን አላጓደልኩም። በየእሑዱ ውሃውን በሙሉ ደፍቼ፣ ጠጠሩንና የፕላስቲክ አበባውን በፈሳሽ ሳሙና፣ የፊልተሩን ስፖንጅ ደግሞ ከቧንቧ ሥር አጥቤ፣ በንጹሕ የቧንቧ ውሃ እሞላለሁ። መብራት ሲጠፋ ግን ፊልተሩ ይቆማል፤ አንዳንዴም ሌሊቱን ሙሉ።

አሁን ቤቱ በሐሳብ ተከፋፍሏል። ባለቤቴ «ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳለች ተመሳሳዩን ገዝተን እንተካለን፤ አታውቅም» ይላል። አማቴ «ሰው መታከሚያ ባጣበት ዘመን ለዓሣ ዓይን መድኃኒት ፍለጋ መዞር ነውር ነው፤ ዓሣ ይጠበሳል እንጂ ይታከማል እንዴ?» ብለው ተቆጥተውኛል። የባለቤቴ ወንድም ያንን ቴትራሳይክሊን የሚባለውን የዓይን ቅባት ቀቢው ብሎኛል። ጎረቤቴ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ስላልተስማማቸው ነው፣ ከሐይቁ በጀሪካን አስቀድተሽ ለውጪላቸው ትላለች። ልጄ ማታ ማታ «እማዬ፣ ሊታወር ነው?» እያለች ትጠይቀኛለች፤ የምመልሰው አጥቼ «ነገ ይሻለዋል» እላታለሁ። እንዲህ ማለት ከጀመርኩ ከሳምንት በላይ ሆኖኛል። ላሳክማቸው? ካሳከምኩስ በምን? ወይስ የባለቤቴን ሐሳብ ልቀበል?

አሳቢዋ እናት፣ ከሐዋሳ

ውድ እናት፣

አልሳቅሁም፤ የሚያስቅም ነገር አላገኘሁበትም። በሐዋሳ ዓሣ ሲባል ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው አሞራ ገደል ላይ ከሐይቁ ወጥቶ የሚሸጠው ቆሮሶ በመሆኑ፣ ስለታመመ ዓሣ የሚያዋዩት ሰው ማጣትዎ አይደንቅም። እነዚህ ግን በቤትዎ የሚኖሩ፣ ከእናንተ እጅ በቀር ምግብም ሆነ ውሃ የሚያገኙበት የሌላቸው እንስሳት ናቸው። መጨነቅዎ ተገቢ ነው፤ ሊደረግ የሚችል ነገርም አለ። አስቀድሜ የምለምንዎ ግን ይህን መልስ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ቅባቱንም የሐይቁንም ውሃ እንዲያቆዩልኝ ነው።

ከደብዳቤዎ ደጋግሜ ያነበብኩት ስለ ዓይኖቹ የጻፉትን ሳይሆን ስለ እሑዱ አጠባ የጻፉትን ነው። ውሃውን በሙሉ የሚደፉት፣ ጠጠሩንም በሳሙና የሚያሹት ስለሚያስቡላቸው መሆኑን ተረድቻለሁ፤ ያልተነገረዎትን ነገር ሊያውቁት አይችሉም ነበርና ራስዎን አይውቀሱ። ዓሣ በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ ያስወጣል፤ ሳይበላ የቀረ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ይህን መርዝ ከውሃው የሚያስወግዱት በዋናነት በፊልተሩ ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። በአዲስ አኳሪየም እነዚህ ባክቴሪያዎች በቂ ሆነው እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስድባቸዋል። ስፖንጁ በየሳምንቱ ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ፣ ጠጠሩም በሳሙና ሲታጠብ ግን ገና መራባት ሲጀምሩ ያልቃሉ። በዚህም ምክንያት ዓሣዎቹ እስከ ዛሬ የኖሩት መርዙን የሚያስወግድላቸው በሌለበት ውሃ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ውሃው ጥርት ብሎ መታየቱም ዋስትና አይሆንም፤ አሞኒያ ቀለም የለውምና።

ለምን ዓይን ላይ ወጣ ቢሉ፣ የጎልድፊሽ ዓይን የሚከደን ቆብ ስለሌለው ቀንም ሌሊትም ያንኑ ውሃ እንደ ተገለጠ ይጋፈጣል። አሞኒያና ክሎሪን የዓይኑን ስስ የፊት ሽፋን ሲያቃጥሉት ሽፋኑ ይደፈርሳል፤ ሰውነቱም ሲዳከም በማናቸውም ውሃ ውስጥ ሁልጊዜ ያሉ ተሕዋስያን ይበረቱበታል። የሁለተኛው ዓሣ ሁለቱም ዓይኖች በአንድ ጊዜ መንጣታቸው ይህንኑ ያመለክተኛል፤ ሁለቱም ዓይኖች አንድ ላይ ሲታመሙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃው፣ ወይም በመላ ሰውነት የተሰራጨ ኢንፌክሽን ነው። አንድ ዓይን ብቻ ሲያብጥ ግን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ጉዳት ነው፤ ዓሣው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቷል፣ ወይም አንድ ነገር ነክቶታል።

እዚህ ላይ ልጠይቅዎ። የፕላስቲክ አበባውን በጣትዎ ሲዳስሱት ጫፉ ይወጋል? ጠጠሩ መካከል ስለታም ድንጋይ አለ? ጥቁሩ ዓሣ ሌሊት ምን ሲያደርግ እንደሚያድር አይተው ያውቃሉ? ይህን የመጨረሻውን የምጠይቅዎ በምክንያት ነው። መስታወት ያጸዳሉ ተብለው የሚሸጡት በአፋቸው የሚጣበቁ ዓሣዎች ሌሊት የሚነቁ ሲሆኑ፣ ሲርባቸው ዝግ ብሎ በሚዋኘው ጎልድፊሽ ጎን ላይ ተጣብቀው ልጋጉን ይልሳሉ፤ ቆዳውንና ዓይኑንም ያቆስላሉ። ዛሬ ማታ መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ በስልክዎ መብራት ቀስ ብለው ይመልከቱ። ጎልድፊሹ ላይ ተለጥፎ ካገኙት፣ የግራ ዓይኑን ምክንያት አገኙት ማለት ነው። ባያገኙትም ሕሙማኑ እስኪያገግሙ ድረስ ለብቻው በሌላ ዕቃ ቢያኖሩት ይሻላል፤ እርሱ ደህና መሆኑ ውሃው ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ የመቋቋም ኃይሉ ይለያያል እንጂ።

እንግዲህ የጎረቤትዎን ምክር እንመልከት። ሐሳባቸው ከቅንነት የመነጨ ነው፤ የሐይቁ ዓሣ በሐይቁ ውሃ ይኖራልና። ሆኖም የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ አልካላይን ነው፤ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱና የአልካላይንነቱ መለኪያ፣ ከ8 በላይ ነው። የአሞኒያ መርዛማነት ደግሞ በፒኤች ይወሰናል፤ ውሃው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ ፒኤቹ 7 ሲሆን ከአሞኒያው በመርዛማ መልክ የሚገኘው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ በ8 ወደ 5 በመቶ ይጠጋል፤ በ9 ደግሞ ከሲሶ በላይ ይሆናል። ስለዚህ አሞኒያ ወዳለበት አኳሪየም የሐይቅ ውሃ መጨመር ያለውን መርዝ ማባባስ ነው። ሌላም አለ። ከሐይቅ የሚቀዳ ውሃ ጥገኛ ተሕዋስያንንና ቀንድ አውጣዎችን ሊያመጣ ይችላል። በዓለም ዙሪያ በንጹሕ ውሃ ሐይቆች ከሚታወቁት የዓይን ጥገኛ ትሎች አንዱ ዲፕሎስቶመም ሲሆን፣ ዓሣ በሚበሉ ወፎች አንጀት ይራባል፤ ከወፉ ኩስ ወደ ቀንድ አውጣ ይገባል፤ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ደግሞ የዓሣን ቆዳ ሰርስሮ ዓይኑ ሌንስ ውስጥ ይቀመጥና እውነተኛ ሞራ ያመጣበታል። ይህ ትል ያለ ቀንድ አውጣ ከዓሣ ወደ ዓሣ አይተላለፍም፤ የእርስዎ ዓሣዎችም ከቧንቧ ውሃ በቀር ስላላዩ እርሱን አልጠረጥርም። ወደፊትም እንዳይመጣ ጀሪካኑን ወደ ሐይቁ አይላኩ።

የዓይን ቅባቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ቴትራሳይክሊን ለሰው ዓይን ጥሩ መድኃኒት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ለዓሣው ግን ቅባቱ ውሃ ውስጥ ሲመለስ አይቆይለትም፤ ለመቀባት ሲሉ ከውሃ አውጥተው በእጅ ሲይዙት ደግሞ ከበሽታ የሚጠብቀው ልጋግ ይገፈፋል፤ ያበጠው ዓይንም በትንሽ ጫና ሊፈነዳ ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ዓሣውን አደንዝዞ የሚያደርገው ሌላ ጉዳይ ነው፤ በቤት ግን አይሞከር። ያበጠውን ዓይን በመርፌ መብጣትም እንዲሁ።

ታዲያ ምን ያድርጉ? በዚህ ሳምንት ዋናው መድኃኒት ውሃ ነው። በቤትዎ ሮቶም ሆነ በርሜል ቢኖርም፣ ለዓሣዎቹ የሚሆነውን ውሃ ለየት አድርገው አፉ በሚሰፋ ባልዲ ወይም ሳፋ ቀድተው፣ ሳይከደን 24 ሰዓት ያሳድሩት፤ አልፎ አልፎም ያማስሉት። ክሎሪን በዚህ መንገድ ይተናል። ክሎራሚን የሚባለው ዓይነት ግን እንዲህ አይወጣምና፣ የአኳሪየም ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ክሎሪን ማምከኛ ጠብታ ካገኙ ይግዙ፤ አንድ ጠርሙስ ለብዙ ጊዜ ይበቃል። ባልዲው ሳሙናም ሆነ በረኪና ነክቶት የማያውቅ፣ ከዛሬ ጀምሮም ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል ይሁን። ከዚያም በየቀኑ ከአኳሪየሙ 10 ሊትር ያህል፣ ማለትም ሩቡን፣ ከሥሩ በቀጭን ጎማ እየሳቡ ያውጡና በዚያ ባደረ ውሃ ይተኩ። አዲሱ ውሃ ሙቀቱ ከነባሩ እንዳይለይ እጅዎን በሁለቱም ነክረው ያመሳክሩ፤ ቴርሞሜትር ካለ ደግሞ ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ አይብለጥ። ይህን ለአንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያድርጉ። ውሃውን በሙሉ መድፋት ከእንግዲህ ይቅር። ስፖንጁ ሲቆሽሽም ከአኳሪየሙ በወጣው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት እንጂ ወደ ቧንቧ አይውሰዱት፤ ሳሙና ደግሞ በጭራሽ አይቅረበው። የሚወጉትን ጌጦች ያውጡ። መስኮቱ አጠገብ ከሆነና የከሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ ቦታውን ይለውጡ፤ ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ያለ ውሃ ይስማማዋል፤ ሞቅ ያለ ውሃም ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል።

ሁለተኛው ዓሣ፣ ዓይኖቹ የነጡት፣ እየበላና እየዋኘ ከሆነ ከዚህ የተለየ መድኃኒት አሁን አያስፈልገውም። ብዙ ጊዜ በውሃ የመጣ ድፍርስ ዓይን ውሃው ሲስተካከል በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጠራል።

ዓይኑ ያበጠው ግን ለብቻው ቢታከም ይሻለዋል። 20 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የፕላስቲክ ዕቃ ያዘጋጁ፤ ጠጠርም ጌጥም አይግባበት፤ አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ ይኑረው። ዓሣውን በመረብ አሳድደው ከማውጣት ይልቅ ከነውሃው በሰፊ ሳህን ቀድተው ያዛውሩት፤ መረቡ ያበጠውን ዓይን ይፍቀዋልና። ከመድኃኒት ቤት ሽቶም ቀለምም የሌለበት ማግኒዚየም ሰልፌት ይጠይቁ፤ ኤፕሰም ጨው የሚሉትም እርሱኑ ነው። ለ20 ሊትሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ልክ፣ 15 ግራም ገደማ፣ በአንድ ኩባያ ውሃ አሟሙተው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየከፋፈሉ ይጨምሩበት። ከዓይኑ ጀርባ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ለመቀነስ ይረዳል። የወጥ ጨው ይህን ሥራ ስለማይሠራ በምትኩ አይጠቀሙበት። በዕቃው ውስጥ የዳበረ ፊልተር ስለሌለ ግማሹን ውሃ በየቀኑ መለወጥ ግድ ነው፤ 10 ሊትር ባወጡ ቁጥርም ለአዲሱ 10 ሊትር ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ይጨምሩ እንጂ ሙሉውን አይድገሙ። ዕቃውን በከፊል በጨርቅ ከልለው ጸጥ ያለ ቦታ ያስቀምጡት። በዚህ መልክ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆይ።

ምግብም አይርሱ። ለመጀመሪያው አንድ ቀን ምንም ባይበሉ አይጎዱም። ከዚያ በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ብቻ ይስጧቸው። ቤት ውስጥ የዳቦ ወይም የእንጀራ ፍርፋሪ የሚጥልላቸው ሰው ካለ በትሕትና ያስቁሙ፤ ውሃውን የሚያበላሸው አንዱ እርሱ ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረት ራሱ የዓሣን ዓይን እንደሚያሳብጥ ይታወቃልና፣ ከተለመደው የዓሣ ምግብ ጋር ተቀቅሎ ልጣጩ የተላጠ አረንጓዴ አተርና የተቀቀለ ቆስጣ በጥቂቱ ቢቀላቅሉላቸው ይጠቅማቸዋል።

መብራት ሲጠፋ፣ ምግብ አይስጡ። በኩባያ ከአኳሪየሙ ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ማፍሰስ ኦክስጅን ያስገባል፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን እንዲህ ማድረግ ስለማይቻል በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ቢገኝ ከሁሉ ይሻላል።

አሁን ወደ አንቲባዮቲክ እንምጣ፤ ምክንያቱም ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ሳምንት ሞልቶት እብጠቱ ከጨመረ፣ የሁለተኛው ዓሣ ዓይኖችም ከመንጣት አልፈው ካበጡ፣ ቅርፊቶቹ ከቆሙ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ወይም ለሦስት ቀን ምግብ እምቢ ካለ፣ ነገሩ የዓይን ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያ ሰውነቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። በእንስሳት መድኃኒት መሸጫዎች ኦክሲቴትራሳይክሊን በቀላሉ ይገኛል፤ ግን በግምት ገዝተው ውሃው ውስጥ አይበትኑት። ለከብት የተዘጋጀን መጠን ለአንድ ጎልድፊሽ መመጠን ሐኪም ይፈልጋል። ከዚህም በላይ መድኃኒቱ ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር ስለሚያያዝ እነዚህ ማዕድናት በበዙበት ውሃም ሆነ ከማግኒዚየም ሰልፌቱ ጋር ሲሰጥ ኃይሉ ይቀንሳል፤ በዋናው አኳሪየም ከገባ ደግሞ የምንንከባከባቸውን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊገድል ይችላል። የሚበላ ዓሣ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ቢወስደው ይመረጣል። ሐዋሳ መኖርዎ እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናም የዓሣ ሀብትም ትምህርት ስለሚሰጥ፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው በከተማዎ ማግኘት ይችላሉ። ሲሄዱ ዓሣውን ተሸክመው መንከራተት የለብዎትም። ዓይኑን ከጎንና ከላይ ያነሡት ፎቶ፣ በንጹሕ ጠርሙስ የተቀዳ የአኳሪየሙን ውሃና የቀን በቀን ለውጡን የያዘ ማስታወሻ ይዘው ይሂዱ።

ማስታወሻውን የሚይዘው ማን እንደሚሆን ገምተው ይሆናል። ስለ ልጅዎ ብዙ አስቤያለሁ። «ነገ ይሻለዋል» የሚለው መልስ ለአንድ ማታ ያጽናናል፤ ሲደጋገም ግን፣ የ9 ዓመት ልጅ ዓይኑን በየቀኑ እያየች ስለሆነ፣ የምታየውና የሚነገራት አልገጥም ይላታል። ምናልባት እርሷ ባደረገችው ነገር የታመመ መስሏት ይሆን? ልጆች እንዲህ ያለውን ሳይናገሩ ይይዙታል፤ እስቲ ቀስ ብለው ይጠይቋት። ከዚያም በቀላል ቋንቋ ይንገሯት፦ «ዓይኑ ታሟል። ውሃው ሳይስማማው የቀረ ይመስለናል፤ የማንም ጥፋት አይደለም። ውሃውን እያስተካከልን ነው። ሊድን ይችላል፤ አንድ ዓይኑን ሊያጣም ይችላል። ቢያጣም መዋኘትና መብላት ይችላል።» ይህ የመጨረሻው ማባበያ እንዳይመስልዎት፤ እውነት ነው። ዓሣ በሁለቱ ጎኖቹ ላይ የውሃን ንዝረት የሚሰማበት መስመር አለው፤ ማሽተትም ይችላል፤ አንድ ዓይን ያጣ ጎልድፊሽ ለዓመታት ይኖራል፤ ሁለቱንም ያጣም ቢሆን ምግቡ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ከተሰጠው ይለምደዋል። ዓይኑ ከወደቀ ጉድጓዱ በንጹሕ ውሃ ይሽራል። ልጅዎ አንድ ደብተር ይኑራት፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከላይ ሆና የሁለቱን ዓይኖች መጠን እያስተያየች ትሳል። እብጠት ከጎን ይልቅ ከላይ ሲታይ በደንብ ይለያል፤ መዳንም ቀስ ብሎ ስለሚመጣ፣ አንዳንዴም ሳምንታትና ወራት ስለሚወስድ፣ ሥዕሎቹ ከማንኛችንም ትዝታ ይልቅ ለሐኪሙ ይጠቅማሉ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ እጇ ላይ ቁስል ካለ ወደ ውሃው አታስገባ። ከዓሣ ወደ ሰው ቆዳ የሚተላለፍ፣ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለ ባክቴሪያ አለ፤ የዓሣን ዓይን ከሚያሳብጡት አንዱም ነው። ውሃውን ከነካካች በኋላም እጇን በሳሙና ትታጠብ።

ባለቤትዎ በድብቅ እንተካው ሲሉ የሚያስጨንቃቸው ወጪው ነው ወይስ የልጃቸው ማልቀስ? እንደሚመስለኝ ሁለተኛው ነው፤ ይህም የአባት ርኅራኄ ነው። ሆኖም ሐሳባቸው የማይሠራው ልጅቷ ስለምታውቅባቸው ብቻ አይደለም። አዲሱ ዓሣ የሚገባው በዚያው ውሃ ውስጥ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ የእርሱም ዓይን ሊነጣ ይችላል። ይህን በዚህ መልክ ቢያስረዷቸው፣ ተቃውሞ ሳይሆን ስሌት አድርገው የሚቀበሉት ይመስለኛል።

አማትዎን በክርክር ለማሳመን አይድከሙ። ሕክምና ያጣ ሰው መኖሩን ማንሳታቸው እውነትም ደግነትም አለበት፤ ይህንንም ይንገሯቸው። የዚህ ሳምንት ሕክምና ያደረ ውሃና አንድ ማንኪያ የመድኃኒት ቤት ጨው መሆኑን ሲያዩ፣ ለዓሣ ተብሎ ከሰው የተቀነሰ ነገር እንደሌለ ይረዳሉ። ዓሣዎቹን መመገብ የሚወዱ ከሆነም መጠኑን አሳይተው ሥራውን ለእርሳቸው ይተዉላቸው።

ዓሣው መብላት አቁሞ፣ ሚዛኑን ስቶ በጎኑ ተኝቶ፣ ቀናት እያለፉ ሲሠቃይ ካዩ፣ ያለ ሥቃይ የሚያርፍበትን መንገድ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ለልጅዎም ሳይደብቁ ይንገሯት። በምንም ምክንያት ግን፣ የታመመውንም ሆነ የማትፈልጉትን ጥቁሩን ዓሣ «ይኑርበት» ብላችሁ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ አትልቀቁ። ከውጭ የመጡ የጌጥ ዓሣዎች በሽታ ሊያስገቡ፣ ሊራቡና የሐይቁን ቆሮሶና አምባዛ ሊሻሙ ይችላሉ፤ ከዚያ ሐይቅ የሚተዳደር ብዙ ቤተሰብ አለ።

ባለቤትዎ ለአዲስ ዓሣ ያሰቡትን ገንዘብ በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢያውሉት እመርጣለሁ። መጀመሪያ አሞኒያን፣ ናይትራይትንና ናይትሬትን የሚለካ መመርመሪያ ኪት ይገዛ፤ ሐዋሳ ካልተገኘ አጎቷ ከአዲስ አበባ ይላክ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዜሮ፣ ናይትሬቱ ደግሞ በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች መሆን ይኖርባቸዋል። ቀጥሎ የባትሪው የአየር ፓምፕ። ከዚያ በኋላ፣ አቅም ሲፈቅድ፣ ሰፋ ያለ አኳሪየም፤ ሁለት ጎልድፊሾች ሲያድጉ 100 ሊትር ገደማ ያስፈልጋቸዋል፤ 40 ሊትር ለእነርሱም ለጥቁሩም ጠባብ ነው። ሲዛወሩ የአሮጌውን ፊልተር ስፖንጅ ሳያጥቡ በአዲሱ ውስጥ ያስቀምጡት። ሌላ ዓሣ ለመጨመር ካሰባችሁም እነዚህ ካገገሙ በኋላ ይሁን፤ አዲሱም 4 ሳምንት ያህል ለብቻው ቆይቶ ዓይኑና ቆዳው ጤነኛ መሆኑ ይታይ።